ቶሎ የሚባለው ልብስ ሰፊ

ባሌን አገር ቤት ሳለን ሰፈርተኛው ሁሉ «ቶሎ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ምክንያቱም አንድም ቀን ቶሎ አድርሶላቸው አያውቅም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሦስቴ ተመላልሶ፣ አንዴ ተጣልቶ፣ አንዴ ታርቆ ነው ሱሪውን ይዞ የሚሄደው። ሆኖም ጥሎት የሄደ ደንበኛ አልነበረም። እጁ ወርቅ ነው። እሱ የሰፋው ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጎባጣውን ያቃናል። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሚስቱ ስለሆንኩማ የምለው ሌላ ብዙ ነገር አለኝ።

እዚያ አሠራሩ ለሁሉም የታወቀ ነበር። ደንበኛው ሰርጉ ገና ለሚቀጥለው ሳምንት ሆኖ ሳለ «ለዚህ እሁድ ነው የምፈልገው» ይላል። ቶሎ ደግሞ እንደማይደርስለት ልቡ እያወቀ «ችግር የለም፣ ቅዳሜ ና» ይለዋል። ቅዳሜ ደንበኛው ሲመጣ ጨርቁ ገና እንደታጠፈ ነው። ቶሎ ምንም ሳያፍር ወንበር ይስብለትና «ቁጭ በል፣ አሁን እጨርሰዋለሁ» ይላል። መቀሱ የሚነሳው ያኔ ነው። ደንበኛው አንዴ እየተቆጣ፣ አንዴ እየሳቀ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ አማቱ ክፋት እያወራ ኮቱ ዓይኑ እያየ ይሰፋለታል። የቀጠሮው ቀን ሥራው የሚያልቅበት ሳይሆን የሚጀመርበት ነበር። ማንም ተታለልኩ ብሎ አይቀየምም። «አይደርስም» ብሎ መመለስ ግን ነውር ነው፤ ሰውን ከደጅ እንደማባረር ይቆጠራል። ቶሎም ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ቃል ለደንበኛ ተናግሮ አያውቅም።

ከአገር ስንወጣ ይህን አመሉን ትቶ የወጣ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ እዚህ እንደመጣን ልብስ መስፋት የሚባል ነገር አልነበረም። እሱ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል፣ እኔ ቢሮዎች አጸዳለሁ። ማታ ሲገባ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው፣ ጥፍሩ ጠቁሮ አያለሁ። አንድ ቀን የልጃችን የትምህርት ቤት ልብስ ቁልፉ ተበጥሶ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሲታገል አየሁት። ያን የመሰለ እጅ ካርቶን ሲበላው ቁጭ ብዬ አላይም ብዬ ተነሳሁ። ሱቅ እንክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የመጣው ጣጣ ሁሉ ግማሹ የኔ ነው ማለት ነው፤ እሱም ይህንን ሲከፋው ያስታውሰኛል።

ያገኘነው ክፍል ድሮ ቁልፍ የሚቀረጽበት ነበር። እጅን ግራና ቀኝ ቢዘረጉት ሁለቱን ግድግዳ ይነካል። በአንድ ወገን መድኃኒት ቤት፣ በሌላው ወገን ዳቦ ቤት ነው። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ከግድግዳችን ጀርባ ስለሆነ በዚያ በኩል ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ይሞቃል፤ ብርድ ሲሆን እኔና ቶሎ እየተፈራረቅን ጀርባችንን እናስደግፍበታለን። የስፌት መኪናውን ከአንዲት ጡረታ ከወጣች ሰፊ ገዛነው። ካውያው ግን አዲስ ነው። ከጠረጴዛው በፊት የመጡት ሦስት ወንበሮች ናቸው፤ ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅሁም፣ ገብቶኛል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ወንበር ስለደረደረ እኔ ለመተኮስ ስሄድ ወንበር ላይ እየወጣሁ ነበር የማልፈው።

ሱቅ መክፈቱ ራሱ ከባድ አልነበረም። ከባዱ የንግድ ፈቃዱ ነው። የውጭ ሰው እዚህ ሱቅ ሲከፍትም፣ ከዚያም ፈቃዱን ለማሳደስ በየዓመቱ አንድ ዋስ በአካል ይዞ መቅረብ አለበት። ዋሱ የአገሩ ተወላጅ፣ እዚያው መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ በራሱ ሥራ የቆየ መሆን አለበት። ዋሱ ካልመጣ ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ የመኖሪያችንም ነገር ያከትማል፤ ልጃችንም ከትምህርቷ ተነቅላ ከእኛ ጋር ሻንጣዋን ትሸክፋለች ማለት ነው። በመንገዳችን ይህን የሚያሟላ ሰው ፈልገን ያገኘነው አንድ ብቻ ነው። መድኃኒት ቤቱ አዲስ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊም ሱቁን ከከፈተ ዓመት አልሞላውም፤ ሌላው ሁሉ ተከራይ ነው፣ ዛሬ ገብቶ ነገ ይወጣል። የቀሩት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው።

ልጃችን «እማማ ዳቦ» ብላ ስም አወጣችላቸው፤ እኛም በዚያው ቀጠልን። ስልሳውን ያለፉ፣ ክንዳቸው የወንድ ክንድ የሚያክል፣ ፈገግታቸው ውድ የሆነ ሴትዮ ናቸው። መጀመሪያ ዋስ እንዲሆኑን ስንለምናቸው እሺም እምቢም ሳይሉ ሱቃችን ገቡ። ቶሎ ሰፍቶ የሰቀለውን ሸሚዝ አወረዱና ገልብጠው ከውስጥ በኩል ስፌቱን አዩ። ዱቄታም ጣታቸው እንዳይነካው አርቀው ነው የያዙት። «ጥሩ ነው» አሉና በማግስቱ ቢሮ አብረውን ሄዱ። በዚያች አንዲት ቃል ነው አንድ ዓመት የኖርነው።

መጀመሪያ የመጡልን ያገራችን ልጆች ናቸው። እነሱ ወንበሩን እንዳዩ ነገሩ ይገባቸዋል። ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይሰድቡታል፣ ሱሪያቸው ሲያልቅ መርቀውት ይሄዳሉ። ቶሎ ተመልሶ ሰው ሆነ። መንገዱ ላይ የሚኖሩትም ሰዎች በመስኮት እያዩ መምጣት ጀመሩ። አውቶቡስ ነጂው የሱሪውን ዚፕ ሊያስቀይር መጣ፤ ነርሷ የሥራ ልብሷን ልታስጠብብ መጣች። ቶሎም ለሁሉም የፈለጉትን ቀን ይሰጣል። «ለሮብ?» «ችግር የለም።» «ማክሰኞ ጠዋት?» «እንዴታ።» ሮብ ሲመጡ ወንበር ይስብላቸዋል። እነሱ ወንበሩን ያያሉ፣ እሱን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። አውቶቡስ ነጂው ሥራ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ዚፑ የተፈታ ሱሪ በእጁ ይዞ ወጣ። ነርሷ ልብሷን ከነክሩ አንስታ ሄደች። ስትሄድ በሩን እንኳ አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

እኛ ደግሞ ምክንያቱን አላጣነውም። «ባዕድ ስለሆንን ነው» ተባባልን። «ንቀት ነው፣ ከእኛ ጋር መቀመጥ ተጠይፈው ነው።» እኔ ራሴ አፌን ሞልቼ እንደዚያ ብያለሁ። እማማ ዳቦ አንድ ቀን ጠዋት ደጃቸውን ሲጠርጉ ቶሎን ጠርተው ዳቦ በሰዓቱ ካልወጣ ሰው ሌላ ቦታ ይገዛል እንጂ ምድጃው ፊት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም አሉት። ቶሎ ሳቀ። ጨዋታ መስሎት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት እማማ ዳቦ ጥቁር ሙሉ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ወደ ሱቃችን መጡ። የአባታቸው ነው። አባታቸውን በሩቅ እናውቃቸዋለን፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ ፎቁ ላይ ተኝተው የሚኖሩ፣ አንዳንዴ ከመስኮቱ ጀርባ ነጭ ጭንቅላታቸው የሚታይ ሽማግሌ ናቸው። ልብሱ በደህናው ጊዜ የተሰፋ ስለሆነ አሁን ሰፍቷቸዋል፤ ይጥበብ አሉ። ለልክ እንዲሆን የአባታቸውን አንድ የሌሊት ሸሚዝ ይዘው መጥተዋል። ቶሎ እሱ ራሱ ፎቅ ወጥቶ ሽማግሌውን ቢለካቸው እንደሚሻል ነገራቸው። አያስፈልግም አሉ።

«አባቴ ሐሙስ ጠዋት ይለብሰዋል» አሉ። «ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ይደርሳል?»

«ሐሙስ? ችግር የለም።»

ዓይኑን ትኩር ብለው አዩት። «እርግጠኛ ነህ?»

«እንደምንም ብዬ አደርሰዋለሁ፣ እማማ። ለእርስዎ አይደለም እንዴ?»

በዚያው ሐሙስ ለሌሎች ሦስት ሰዎች ቀጥሯል። እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። አልተናገርኩም፤ መናገር የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣም። እማማ ዳቦ ጎረቤት ናቸው፣ ሐሙስ መጥተው እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እስካሁን ደህና አድርገን ያላጫወትናቸውን እናጫውታቸዋለን ብዬ ነበር ያሰብኩት። ያን ሳምንት ዳቦው እንደ ወትሮው ወጣ፣ ግድግዳችን እንደ ወትሮው ሞቀ። የለቅሶ ድምፅ የለ፣ ደጅ የተሰበሰበ ሰው የለ። እኛ የምናውቀው ሞት መንደሩን ሁሉ የሚያስነሳውን ነው።

ሮብ ዕለት ቶሎ የኮቱን ጎንና ጎን ተረተረ። አጥብቦ በስፒል አያያዘው፣ ጀርባውን በረጃጅም ነጭ ክር ወጋ ወጋ አድርጎ ሰቀለውና ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። ሱሪውን አልነካውም። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሲሆን እማማ ዳቦ ገቡ። ሽርጥ አልለበሱም፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አስረዋል። እኔ እንኳ ያን አይቼ አልነቃሁም።

ቶሎ ወንበር ሳበላቸው። «ይቀመጡ እማማ፣ አሁን እጨርሰዋለሁ።»

አልተቀመጡም። «አባቴ እሁድ አረፈ» አሉ። «አራት ሰዓት ላይ እንቀብረዋለን። የሚያለብሱት ሰዎች ፎቅ ላይ እየጠበቁኝ ነው።»

ቶሎ ፊቱ አመድ መሰለ። የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። ክሩ ከመርፌው እየወጣ አስቸገረው። እኔ ሱሪውን አንስቼ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ገለባበጥኩት። እማማ ዳቦ ትንሽ ቆመው አዩን፤ ከዚያ እጃቸውን ኮቱ ላይ አሳረፉ።

«ተወው» አሉት። «ሱሪውን አጥፈን እናለብሰዋለን። ኮቱንም እንዳለ ስጠኝ።»

ስፒሉን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ ከተነቀለ ይላቀቃል ብለው ከለከሉት። ልብሱን ከነስፒሉ በክንዳቸው ይዘው ወጡ። እንደዚያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። ለምን እንዳልነገሩን ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ሐሙስ ያለ ሰው ሐሙስ ነው፣ ለምን እንደሆነ ለሰፊ መዘርዘር ምን ያስፈልጋል ብለው ይመስለኛል። እኛ ብናውቅ ኖሮ እንቅልፍ አናይም ነበር። ግን ለሞተ ሰው ሲሆን በሰዓቱ የሚደርስ እጅ ቁሞ ለሚሄደው ሲሆን ለምን አይደርስም? ይህን ያኔ አልጠየቅሁም፣ ቆይቼ ነው።

ሱቁን ዘግተን ቀብር ሄድን፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆምን። ቶሎ አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ «ከነስፒሉ» አለኝ። ሳጥኑ ሲወርድም እንደገና «ከነስፒሉ» አለ። ሌላ ነገር ከአፉ አልወጣም። እማማ ዳቦ ሰዎች እጃቸውን እየጨበጡ ሲያጽናኗቸው እኛም ተራ ጠብቀን ጨበጥናቸው። እጃቸውን ሰጡን፤ ፊታቸውን ግን አልሰጡንም።

አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይላካል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ደጃቸው ቆመው፣ ድንጋይ ተሸክመንም ቢሆን ይቅርታ እንጠይቅ ነበር። እዚህ ማንን ልንልክ ነው? መድኃኒት ሻጩን? ቶሎ ራሱ ሄደ። እማማ ዳቦ መደርደሪያው ኋላ ቆመው ነበር። አፉን ሲከፍት «ስንት ዳቦ?» አሉት። ሁለት አለ። ጠቅልለው ሰጡት፤ ይዞ መጣ። ቁርስ ላይ ማናችንም አልነካነውም፤ ልጃችን ናት የበላችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ሰላምታውን አልከለከሉንም። ግን ቆም ብሎ አንድ ሁለት ቃል መጨመር ቀረ፤ የቀረው ቃል ደግሞ የዓመቱን ፈቃድ የያዘ ነው።

ቶሎ የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እያሰበ ከርሟል። አንድ ቀን ከጽዳት ሥራዬ ስመጣ ግድግዳው ላይ ስድስት ሚስማር መትቷል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለየቀኑ አንድ ሚስማር። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ልብስ ብቻ ይሰቀላል፤ በቀን ከሁለት በላይ አጥርቶ መሥራት እንደማይችል አመዛዝኖ ነው። ሚስማሩ ሞልቶ ከሆነ ያ ቀን የለም፤ ደንበኛው ራሱ ዓይኑን አንስቶ ማየት ይችላል። ከሦስቱ ወንበሮች ሁለቱን ቤት ወስዷቸዋል። እኔም በመጨረሻ እግሬን ዘርግቼ መተኮስ ቻልኩ።

ሚስማር መምታቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ አፉ ነው። የመጀመሪያውን «አይደርስም» ያለው ለአውቶቡስ ነጂው ነበር፤ ሰውዬው ምን ቆርጦት እንደሆነ ተመልሶ መጥቷል። ቶሎ ሚስማሮቹን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ቃሉ ሲወጣ ጥርስ የተነቀለበት ሰው መሰለ። አውቶቡስ ነጂው ግን ምንም አልመሰለውም። «እሺ፣ መቼ ነው ታዲያ?» አለ። ሐሙስ አለው፤ ሐሙስ መጣ፤ ሱሪው ተተኩሶ ተሰቅሏል። ሰውዬው ሱሪውን ገልብጦ አይቶ ሄደ፣ በሳምንቱ ወንድሙን ይዞ መጣ። የሚከፋቸውም ነበሩ። ያገራችን ልጆችማ «ቶሎ ፈረንጅ ሆነ» ብለው ቀለዱበት፤ አንዱ ወንበሩን ስላጣ ከልቡ ተቀየመ። እኔም ራሴ ቅር እያለኝ ነበር። ደጅ የመጣ ሰው ልብሱን መልሶ ታቅፎ ሲሄድ ማየት እስከ ዛሬ ያስቀይመኛል።

የፈቃዱ እድሳት ሲቃረብ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እማማ ዳቦን ዋስ ይሁኑን ብሎ ለመጠየቅ ፊት የለንም። ቶሎን ሂድ ስለው አንቺ ሂጂ ይላል፤ ሳምንቱ እንዲሁ በመገፋፋት አለቀ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሳናስበው እሳቸው ራሳቸው በሩን ከፍተው ገቡ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ እግራቸው ሱቃችንን ሲረግጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ካፖርታቸውን ይዘዋል። ገበሩ ከእጅጌው እስከ ታች ተበልቶ ተንጠልጥሏል። የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ ትመረቃለች፤ ለዚያ እንዲደርስላቸው ነው። ሙሉውን ገበር ማውጣትና አዲስ ማስገባት ይፈልጋል፤ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው። ሚስማሮቹን አየሁ። ዓርብም ቅዳሜም ሞልተዋል።

ከመተኮሻው ኋላ ሆኜ ለቶሎ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። በጫማዬ ጫፍ ቁርጭምጭሚቱን ነካሁት። እሱ ካፖርቱን ገለጠ፣ ገበሩን በጣቱ ዳሰሰ፣ ግድግዳውን አየ።

«አይደርስም» አለ። «ማክሰኞ እችላለሁ።»

«ለእኔም?» አሉ እማማ ዳቦ።

«ለእርስዎም።»

ካፖርቱን አጥፈው ወጡ። በመስኮቱ ሳያቸው ወደ ዳቦ ቤቱ አልገቡም፤ ካፖርቱን ታቅፈው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሌላ ሰፊ ሄዱ።

በትዳራችን ብዙ ተጣልተናል፤ እንደዚያን ቀን ግን ቆሽቴ አርሮ አያውቅም። ያኔ ዋሽተህ አስቀየምካቸው፣ ዛሬ እግዜር ጎትቶ ሲያመጣልህ እውነት ተናግረህ መለስካቸው አልኩት። ሌላ ቀን ሁሉ ሐቀኛ ሁን፣ ዛሬን ብቻ ብትዋሽ ምን ነበረበት? ሌሊቱን ሙሉ ብትሰፋስ? እኔ አላግዝህም ነበር? ልጃችን ከክፍል ጓደኞቿ ተለይታ ስትሄድ ሚስማርህን ነቅለህ ትሰጣታለህ አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን አልኩ።

ቶሎ አላቋረጠኝም። ስጨርስ መቀሱን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ። «እኔም አስቤዋለሁ። ልቀበላቸው አፌን ስከፍት የመጣልኝ ቃል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንደምንም። ያኔም እንደምንም ነው ያልኳቸው።»

ካውያዬን አነሳሁ። ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም፤ ግን ከዚያ በኋላ የተኮስኩት በቁጣ አልነበረም።

የፈቃድ ቢሮው ቀጠሯችን ሰኞ ነበር። እሁድ ጥርሴን ነክሼ እማማ ዳቦ ቤት ሄድኩ፤ መደርደሪያው ኋላ የነበረችው ልጃቸው ለምረቃው እንደሄዱና እንዳልተመለሱ ነገረችኝ። ቀጠሮውን ነገርኳትና ንገሪልኝ አልኳት። እሺ አለች፤ እሺታዋ ግን ሰው ለመሸኘት የሚባል እሺ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ሄድን። ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከእኛ በፊት የነበሩት ሁሉ ከዋሶቻቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ። ተራችን ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለው መነጽር ያደረገ ወጣት ዋሳችሁ የት አለ አለን።

«መንገድ ላይ ናቸው» አልኩ። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው።

ቶሎ ክንዴን ያዘኝና ወጣቱን «አናውቅም» አለው። «ይምጡ አይምጡ አናውቅም።»

ያን ሰዓት ባንቀው ደስታውን አልችለውም ነበር። ወጣቱ ግን እስከ ምሳ ሰዓት እጠብቃለሁ ብሎ ሌላ ሰው ጠራ። ተመልሰን ተቀመጥን። ቶሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። እኔ ሻንጣዎቹ የት እንደተቀመጡ፣ የስፌት መኪናውን ማን እንደሚገዛን፣ ለልጄ በምን አፌ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። እንባዬ መጣና በጣቴ ጠረግሁት።

ለምሳ ሊዘጉ ሲሉ እማማ ዳቦ ገቡ። ሽርጣቸውን ከነዱቄቱ እንደታጠቁ ከላይ ካፖርታቸውን ደርበዋል። ሰላም ሳይሉን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ዘልለን ተነስተን ከኋላቸው ቆምን።

ወጣቱ «ይህን ሰው ያውቁታል?» አላቸው።

«አውቀዋለሁ።»

«ሠራተኛነቱስ እንዴት ነው?»

«አንድ ጊዜ ይደርሳል ብሎ ዋሸኝ» አሉ። «አባቴ በተወጋጋ ኮት ተቀበረ። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ ይህን ካፖርት ሥራልኝ ብዬ ብሄድ አይደርስም ብሎ መለሰኝ።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ የምቆምበት ጠፋኝ።

«ታዲያ ዋስ የሚሆኑት ለምንድነው?» አላቸው።

እማማ ዳቦ የካፖርታቸውን አንድ ወገን ገለጡ። ገበሩ እንደዚያው ተንጠልጥሏል፤ አንደኛው ወገን ተፈትቶ ጭራሽ ጠፍቷል። «ማዶ ያለው ሰፊ በእርግጥ ይደርሳል አለኝ» አሉ። «የአገሬ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ ወንበር ሳበልኝ። የልጅ ልጄ ምረቃ ላይ እንዲህ ሆኜ ነው የቆምኩት። ይሄኛው አይደርስም ካለ አይደርስም። እኔ የምመሰክረው ይህንን ነው። ሌላ የሚጠየቅ አለ?»

ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። ማህተሙ ሲያርፍ መስኮቱን ተደገፍኩ።

ውጭ ስንወጣ እማማ ዳቦ ደረጃው ላይ ቆሙና ካፖርታቸውን አወለቁ። ለቶሎ እየሰጡት መቼ እንደሚደርስ ጠየቁት። ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን በሐሳቡ አየና ዓርብ አለ። እሺ አሉ። እኔ ግን ደስታዬ ልቤን ሞልቶት አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ይቅር አሉን ማለት ነው?»

ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። «ስለ አባቴ ይቅር አላልኩም» አሉ። «እሱ ሌላ ነው። ዛሬ የመጣሁት ለሱቁ ነው።»

ቶሎ «እሺ» አለ። አልማለም፣ አልለመነም። ካፖርቱን ገበሩ መሬት እንዳይነካ አጥፎ በክንዱ ያዘው። እማማ ዳቦ ዱቄታም ሽርጣቸውን አስተካከሉና ቀደሙ፤ እኛም ከኋላቸው ወደ መንገዳችን ሄድን።